ቢጫው ገመድ

ከፒያሳ ወርጄ፣ ወደ ቸርችል ሳልደርስ፣
ከመነጽር ቤቱ ጀርባ፣ ደረጃው ከሚፈርስ
ፎቅ ሥር ነው ሱቁ። ታፔላው “ዴክና ቴፕ እንጠግናለን” ይላል፤
“ጠ” ረግፋለች፤ የሚያውቅ ሰው ሞልቶ ያነበዋል።

ዲስኩን በትራስ ልብስ ከትቼ፣ በደረቴ አቅፌ መጣሁ፤
የሰፌድ ያህላል። ታክሲ ውስጥ ማስቀመጫ አጣሁ፣
ጉልበቴ ላይ አቆምኩት። አንዱ ጎረምሳ
“መስታወት ነው?” አለኝ፣ ልንወርድ ስንነሣ።
“አባቴ ነው” ልለው ነበር።
“አዎ” አልኩት።

አባቴ ቴሌ ነበር፤ ሽቦ መቀጠል ነው ሥራው፤
አዲስ ማዞሪያ ሲተከል የውጭ ሰዎች መጡ፣ ካሜራም አላቸው፤
ፊልም አነሡ፤ በዚህ ሳህን አትመው ለመሥሪያ ቤቱ ሰጡ።
“ዐሥራ አንድ ሰከንድ እሱ አለበት” ይላሉ፣ ምረቃው ላይ የተቀመጡ።
እናቴም አይታለች፣ አንድ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስምንት ዓመት
ቁም ሣጥን ጫፍ ላይ ተኛ፤ ማን ቤት አለ የሚያጫውት?

የቀረን ክርክር ነው።
እናቴ፦ “ሹራቡ አረንጓዴ ነው፤ በእጄ ነው የሠራሁት።”
ወንድሜ ኢዮስያስ፦ “ሲያቅፈኝ ፊቴን ያሸሁት
እኔ ነኝ፤ ሰማያዊ ነው።”
ሹራቡ የለም። ለዘበኛው ተሰጥቷል፣ ዘበኛውም አገሩ ገብቷል፤
ስለዚህ ዳኛው ይህ ሳህን ነው ተብሏል።

ወንድይፍራው ማጫወቻውን ከተዘጋ ሆቴል፣ ከካራኦኬ ክፍል ነው የገዛው፤
አቧራውን እፍ አለና ጀርባውን ወደ እኔ አዞረው።
ሁለት ቀዳዳ። አንዱ ቢጫ፣ ክብ፣ ተራ፤
አንዱ ጥቁር፣ አራት ዓይን ያለው፣ የሚያኮራ።
“ጥቁሩን ይሰኩልኝ” አልኩ፤ አንብቤ ነው የመጣሁት፤
“ብርሃኑን ለብቻ፣ ቀለሙን ለብቻ ያወጣል፤
ገመዱንም መርካቶ ተከራክሬ ነው የገዛሁት።”

መነጽሩን በጋዋኑ ጫፍ ጠረገ፤ ሳይቸኩል።
“ካሴት ብታመጪ፣ እሺ፣ ጥቁሩን እል
ነበር። ካሴት ሲቀዳም ለያይቶ ነው የሚይዘው።
ይሄ ግን ሲታተም ጀምሮ ብርሃንና ቀለሙ አንድ ላይ የተበጠበጠ ነው።
በየትኛውም አወጣሽው፣ የሆነ ቦታ መለየቱ አይቀርም፤
ጥያቄው ማን ይለየው ነው። ይሄ ሽማግሌ? አይሆንም፤
ውስጡ ማበጠሪያ አለ፣ ማበጠሪያ ነው የምንለው፣ ጥርሱ ረግፏል።
ይህ አዲሱ ሳጥን ግን” — በጣቱ ነካው — “ጸጉር ይሰነጥቃል።
በቢጫው እንዳለ፣ እንደተደባለቀ ይውጣ፤
ማበጠሩ እዚህ ይሁን። አላመንሽም? ነይ፣ በሁለቱም ይምጣ።”

በጥቁሩ አየን። አባቴ መጣ፣ ከማዞሪያው ፊት ቆመ፤
የሹራቡ ጠርዝ ግን በጉንዳን ተወረረ፣ ታመመ፤
ነጠብጣብ ይርመሰመሳል ከአንገቱ እስከ እጅጌው፣
ከኋላው ቀስተ ደመና ይጫወታል፣ ሽቦ በሽቦው።

በቢጫው አየን። ጉንዳኑ ሄደ።
ጠርዙ ረጋ። ክርኑ ላይ የተጣፈው ጨርቅ ሳይቀር ታየ።
ቀለሙስ? ቀለሙ አልፈረደም።
ወንድይፍራው ቁልፉን ወደ ቀኝ ገፋ፤ አረንጓዴ።
ወደ ግራ መለሰ፤ ሰማያዊ። “ሁለት ቅጂ ላውጣ እንዴ?
ለእናትሽ አንድ፣ ለወንድምሽ አንድ።”
የቀለደ መሰለኝ፤ አልቀለደም።

“እንዳለ ይሁን” አልኩት።
ሦስተኛ ጊዜ ሲዞር ነው ያየሁት፤
አባቴ የሽቦውን ጫፍ ነክሶ፣ ላስቲኩን በጥርሱ ይልጣል፤
ፒንሳው የደረት ኪሱ ውስጥ ተቀምጧል።

ደጅ ወጥቼ ደወልኩ። ቸርችል በመኪና ይጮኻል።
“እህ? አረንጓዴ ነው አላልኩም?” “እማ፣ ሽቦ በጥርሱ ይልጣል።”
ጸጥ አለች። አንድ አውቶቡስ አለፈ፤ ሌላም አለፈ።
“ስንት ጊዜ ነገርኩት” አለች፤ “ይኸው፣ ጥርሱ ተሸረፈ።”